በክረምት የበሰለ ቲማቲም

ወይዘሮ ማርታ ዱካሞ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። አሞራ ገደል ወርጄ በዓሣ ዋጋ ስከራከር፣ የማውቃት ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ እማማ ማርታን ቀበርናቸውኮ» አለችኝ። ዓሣውንም ክርክሩንም ትቼ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አይደለም፣ ንዴት ነው። በዚህች ከተማ የማላውቀው ሰው ልጁን ሲድር ይጠራኛል፣ የሩቅ ሰፈር ለቅሶ እንኳ አያመልጠኝም፤ የእሳቸውን ቀብር የሚነግረኝ አንድ ሰው ይጥፋ? ቤቴ ይታወቃል። ስልኬ ይታወቃል። ቤት ገብቼ ባለቤቴ ላይ ሳይቀር ጮህኩባት፤ እሷ ምን አጠፋች።

ንዴቴ በረድ ሲል ነው ሆዴ ባር ባር ያለው። እኔ ሰው ቶሎ የማደንቅ ዓይነት አይደለሁም። እንዲያውም አቃቂር አውጪ ነህ ይሉኛል፣ ነኝም። ከልቤ ያደነቅኋቸውን ሰዎች ቁጠር ብባል የአንድ እጅ ጣት ይበቃኛል፤ ከእነሱም ወይዘሮ ማርታን የሚቀድም የለም። ለምን እንደሆነ ልናገር፤ ቀብራቸው ላይ መናገር ነበረብኝ፣ እዚህ ይሁን።

በደርግ ዘመን ነው። ከተማዋን ገና አዋሳ እያልን ስንጠራት፣ እኔ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ሲባል ትልቅ ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ፣ የነዋሪውን ስም መዝግቤ እይዛለሁ፣ እሁድ እሁድ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ በር ላይ ተቀምጬ ማን መጣ ማን ቀረ እላለሁ። ማኅተሙ ያለው ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው። የሊቀመንበሩን ስም አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ፣ ጨዋ ልጆች ናቸው። ሰውየው ራሱም ክፉ አልነበረም። ከበላይ ወረቀት በመጣ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ድንጋጤውን ደግሞ እኛ ላይ የሚያራግፍ ሰው ነበር።

ወይዘሮ ማርታ የቀበሌያችን ነዋሪ ነበሩ። ያኔ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። የተወለዱት ከሁላ በላይ ባለው የሲዳማ ደጋ ነው፤ አናጢ ባላቸውን ተከትለው ወደ ከተማ ወረዱ፣ ባልየው ሞተ፣ ሁለት ሴት ልጆች ይዘው ቀሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው። የባላቸውን የጎማ ቦቲ ነበር የሚጫሙት፤ እግራቸው ውስጡ ሲንሸራተት ቧ ቧ እያለ ከሩቅ ይሰማል። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ቃሉን እየመረጡ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ግን አንዴ ከተናገሩ አይመልሱትም። ማንኛውም መሬት ላይ ቆመው ወሬ ሲያወሩ፣ ጎንበስ ይሉና ሌባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይሰዳሉ፣ አውጥተው ያሸታሉ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ሳይቀር ሲያደርጉት አይቻለሁ። ምን እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው «እንዴት እንደዋለች ልወቅ ብዬ ነው» አሉኝ፤ መሬቷን ማለታቸው ነው።

በቡሹሎ በኩል በነበረ አንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት በአረምና በውሃ ማጠጣት ሠርተዋል። ከዚያ እንዴት እንደወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ የመጣ ተቆጣጣሪ ችግኙ ቀትር ላይ እንዲጠጣ ያዛል፤ ዕቅዱ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። እሳቸው ደግሞ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ጠዋት ነው እንጂ አሉ። ዕቅድ ዕቅድ ነው ሲላቸው የውሃ ማጠጫውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለትና ወጡ። አባረሯቸው የሚልም አለ፣ ጥለው ሄዱ የሚልም አለ። እሳቸው ሲጠየቁ «ተለያየን» ነው የሚሉት።

ከጣቢያው ግን አንድ ነገር ይዘው ወጥተዋል። በክረምት መደቡ ላይ ያለ ቲማቲም በሙሉ ሲጠቁርና ሲበሰብስ፣ መጋዘኑ ክፍክፍ ሥር ራሳቸውን ዘርተው የበቀሉ ሦስት እግር ቲማቲሞች ግን ጤነኛ ነበሩ። ዝናብ አይነካቸውማ። «ቲማቲም ውሃ አይጠላም» ይሉ ነበር ወይዘሮ ማርታ፤ «ቅጠሉ ላይ የሚወርድ ውሃ ነው የሚጠላው። እግሩን አጠጣው፣ ራሱን አታርጥብበት።» ይህን ሌላ ሰው አይቶ ሊሆን ይችላል። አይቶ ግን ዝም ብሏል።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ከጓሯቸው ነው። ያን ጊዜ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ሥራ ላይ አልዋለም የተባለ ባዶ ቦታ ቆርጦ መውሰድ ለቀበሌ ቀላል ነበር። የእሳቸው ጓሮ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አረም ውጦታል። ቀበሌው ደግሞ ለኅብረት ሱቁ መጋዘን መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል። ሚያዝያ መግቢያ ላይ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ተሰብስበው አስጠሯቸው። ሊቀመንበሩ ጓሮው እንደሚወሰድ ሲነግራቸው አልጮኹም፣ አላለቀሱም፣ እግር ላይ አልወደቁም።

«ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ስጡኝ» አሉ። «በክረምት የበሰለ ቲማቲም አሳያችኋለሁ።»

ኮሚቴው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ልደብቅ። ያኔ አዋሳ ውስጥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ቲማቲም የሚባል ነገር በዓይን አይታይም፤ ቢገኝም ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር ነች፣ ዋጋዋ አይቀመስም። ሊቀመንበሩ እየሳቀ «እስከ ጳጉሜ ይሰጣቸው፣ ጻፍ» አለኝ። የፈቀደላቸው የማይሆን ስለመሰለው ነው።

ውጭ ስንወጣ ጓሮው ከተወሰደ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። መጋዘኑ በራቸው ድረስ ይመጣል፣ መተዳደሪያ የሚሆን ቦታ አይኖራቸውም፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ደጋ ወንድማቸው ጋ ሊገቡ ነው። ትልቋ ልጅ ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ይህን የነገሩኝ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወሩ ሆነው ነው። ከዚያ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ሰደዱና ግንቦት ሳይገባ መጀመር አለብኝ ብለው ሄዱ።

ሊሠሩት ያሰቡትን ነገር ዛሬ ሕፃኑ ሁሉ ግሪን ሃውስ ይለዋል። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ሰፈርተኛው የላስቲክ ቤት አለው። ለምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና፣ ለጣሪያው ቅስት ከደጋ ወንድማቸው የላከላቸው ቀርከሃ። ጭንቁ ላስቲኩ ነበር፤ በጥቅል የሚሸጥ ላስቲክ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? እሳቸው ግን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ስስ ላስቲክ እንዳለ ያውቃሉ። ገበሬው ከረጢቱን ይፈልገዋል፣ ላስቲኩን ይጥለዋል። በከተማዋ ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማኅበራት እየዞሩ፣ አንድ የጎመን ችግኝ ሰጥተው አንድ ላስቲክ ይቀበላሉ። ያጠቡበትን ውሃ እንኳ አይደፉትም፤ ማዳበሪያ አለበት ብለው ጎመኑን ያጠጡበታል።

ላስቲኩን የሚያጣብቁት በከሰል ካውያ ነው። የአንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ይደርቡና ጋዜጣ አልብሰው ይተኩሱታል። ካውያው ከጋለ ይበሳል፣ ከቀዘቀዘ አይያዝም። የካውያውን ግለት በፊታቸው ይለኩት ነበር፤ ጉንጫቸውን ቀረብ አድርገው ሙቀቱን ያዳምጡና «አሁን» ይላሉ። አንድ ወር ሙሉ ተኮሱ። ሰፈሩ መቼም አይተኛም፣ ማርታ ለቲማቲም ቪላ ሠራችለት ይባል ጀመር። የራሳቸው ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ዝናብ ሲመጣ አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ነው የሚጎትቱት። ይህን ያነሳችባቸው አንዲት ጎረቤት ነበረች። «እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ» አሏት፤ «እሱ ከረጠበ አለቀለት።»

እኔን የገረመኝ ከቤቱ ይልቅ ዕቅዳቸው ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አዲስ ከተማ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለሆነ የንግድ ጨዋታ አይጠፋኝም። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት ጥቂት ቢሆንም ነገሩን ከሥሩ አስበውታል። ቲማቲሙን በክረምት ለሐይቅ ዳር ሆቴሎችና ለሰፈር ሰው፤ በበጋ ቲማቲም ሲረክስ ደግሞ ቤቱን የችግኝ ማፍሊያ ብቻ ማድረግ። ችግኙን የሚያፈሉት በኮባ ነው። የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በቃጫ አስረው ትንሽ ጽዋ ያደርጉታል፣ አፈር ይሞሉታል፣ የገዛው ሰው ከነኮባው ይተክለዋል፤ ኮባው እዚያው በስብሶ አፈር ይሆናል። ሥር አይነካ፣ ችግኝ አይደነግጥ። ያን ጊዜ ነጋዴ ማለት ስድብ ነበር ማለት ይቀላል፤ አባቴ ራሱ ሱቁን «ትንሽዬ ነገር» እያለ ነው የሚያወራላት። ወይዘሮ ማርታ ግን ማንም ሲጠይቃቸው «ንግድ ልጀምር ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ ብላቸው ዞረው አዩኝ፤ ሰርቄ ነው ወይ የምሸጠው አሉኝ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር መጣሁ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ችግኞቹ በኮባቸው ውስጥ አራት አራት ቅጠል አውጥተዋል። ወይዘሮ ማርታ ያደጉበት አገር የሚፈራው ብርድ ነው፤ እዚያ ችግኝ የሚገድለው ውርጭ ነው። ስለዚህ ላስቲክ ቤቱን ከላይ እስከ መሬት ድረስ አሽገውታል፣ ቀዳዳ ያገኙበትን ሁሉ በኮባ ወትፈውታል። ማታ ማታ በሩን ይዘጋሉ፣ ረፋድ ላይ ከፈት ያደርጉታል። ሳምንቱን ሙሉ ሰማዩ ደመና ስለነበር ምንም አልሆነም።

እሁድ ጠዋት ግን ስብሰባ አለ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። የዕለቱን አጀንዳ ብትጠይቁኝ አላስታውሰውም፤ ያኔ ግን የሞት ሽረት ያህል ነበር። በር ላይ መዝገቤን ይዤ ተቀምጫለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ደመናው ተገፈፈ። ወይዘሮ ማርታ ከመሃል ተነስተው ወደ እኔ መጡ፤ ፀሐይ ወጣች፣ የላስቲኩን በር ከፍቼ ልመለስ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም አሉ። አይቻልም አልኳቸው። ስም ሳይጠራ መውጣት ክልክል ነው። ደግመው ለመኑኝ። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ እያየኝ ነበር፤ ጠንካራ መስዬ ልታይ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ይቀመጡ» አልኳቸው። እናቴ የምትሆን ሴት። ሄደው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሱም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ መጡ። ና አሉኝ፣ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ቦቲያቸው ከፊቴ ቧ ቧ ይላል። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ስንገባ ጠረኑ ተቀበለኝ፣ የተቀቀለ ጎመን ጠረን። ሁሉም ችግኝ ኮባው ላይ ተኝቷል። አንድ የቀረ የለም።

«እጅህን ዘርጋ» አሉኝ። ዘረጋሁ። አንዷን ችግኝ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጧት። እርጥብ ክር ነበር የምትመስለው። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

«ችግኝ ስብሰባ አያውቅም፣ ጸሐፊ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። «ግን ጥፋቱ የኔም ነው። የቆላ ፀሐይ ሥር ተቀምጬ እንደ ደጋ ሰው አሰብኩ። አንተ በር ዘጋህብኝ፣ እኔ ደግሞ በነሱ ላይ ዘጋሁ። ሁለታችንም እንማር። ነገ ስትመጣ ቢላ ይዘህ ና።»

ስትመጣ እንጂ ብትመጣ አላሉም። ሄድኩ፣ ከአባቴ ሱቅ ቢላ ይዤ። ወር ሙሉ በካውያ ያጣበቁትን ላስቲክ፣ ዙሪያውን ከወገብ በታች፣ በገዛ እጃቸው ቀደዱት። እኔ እይዝላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይቀድዳሉ። ጣሪያው ጫፍ ላይም ለትንፋሽ የሚሆን ረጅም ክፍተት ተዉለት፤ በላዩ ዝናብ እንዳያስገባ ሌላ ላስቲክ እንደ ባርኔጣ ደረቡበት። ወገባቸውን ይዘው አዩትና «ቤት አይደለም ለካ የሚፈልገው፣ ጥላ ነው» አሉ። የቀረቻቸውን አንዲት እፍኝ ዘር ያን ቀን ዘሩ። ካልበቀለች ሌላ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስወጣ እዚያ ነበርኩ። ለመርዳት ነው ብል ውሸት ነው፤ ኅሊናዬ እሳት ላይ ጥዶኝ ነው። አንድ እሁድ ውለታ ልዋልላቸው ብዬ ስብሰባ መምጣት አያስፈልግዎትም፣ እዚሁ ይዋሉ፣ እኔ ተገኝተዋል ብዬ እጽፋለሁ አልኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ተቆጡኝ። የጸሎት ሰው ናቸው፣ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ስለ እኔ ውሸት አትጻፍ አሉኝ፤ እመጣለሁ፣ ፀሐይ ስትበረታ ወጥቼ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ያንኑ ጻፍ። እንዳሉት አደረግሁ። መዝገቡ ላይ ክረምቱን ሙሉ «ወጥተው ተመልሰዋል» የሚል አለ፤ ሊቀመንበሩ ምንድን ነው ይሄ ብሎ ቢጠይቀኝ እውነት ነው አልኩት። እኔም ተገረምኩ በራሴ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ችግኙ መደብ ወረደ። ሐምሌ እንደ ልማዱ ሰማዩን ገልብጦ አፈሰሰው። የጎረቤት ቲማቲም ሁሉ ጠቆረ፣ የሊቀመንበሩም ጭምር፤ የእሳቸው በቃጫ ገመድ እየተንጠላጠለ ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ላስቲኩ እንደ ሸራ ይወጠራል፤ ሁለት ጊዜ ተገንጥሎ ሁለት ጊዜ መልሰን አሰርነው። ዝናብ ሲመጣ ሰፈርተኛው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሳቸው ወደ ጓሮ ይሮጣሉ። ሲሮጡ ማየት! ቦቲው አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግራቸው ደረሱ። በነሐሴ ያቺ የጣሪያውን ነገር ያነሳችባቸው ጎረቤት ሳትቀር በአጥሩ እየመጣች የጎመንና የቃሪያ ችግኝ በኮባ መግዛት ጀመረች። የሐይቅ ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ መጥቶ አረንጓዴዎቹን ፍሬዎች ቆሞ ሲያይ ዋለ ማለት ይቻላል፤ ሲቀላ ሁሉንም እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። ንግዱ ተጀመረ፣ ቀይ ፍሬ ሳይታይ።

ጳጉሜ ገባ። ኮሚቴው ሊያይ መጣ፣ አምስቱም፣ እኔ ቃለ ጉባኤውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከኋላ። ጓሮው ጋ ስንደርስ ዶፍ ወረደ፤ እየተጋፋን ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ገባን። ከላይ ዝናቡ ላስቲኩን ይደበድባል፣ ውስጥ ደረቅ ነው፣ ከወገባችን እስከ ራሳችን ቀይ በቀይ ሆኗል። በሚያዝያ ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አባል አንዷን ቀጥፎ ገመጣት፣ ጭማቂው ሸሚዙ ላይ ወረደ። ማንም አልሳቀም።

እኔ አሸነፍን ብዬ ደረቴን ነፍቻለሁ። ሊቀመንበሩ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግር ጀመረ። ይህ ለሌሎች ቀበሌዎች ሁሉ ምሳሌ ነው አለ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጓሮውም ላስቲክ ቤቱም የቀበሌው የአትክልት ቦታ ይሆናል፣ ወይዘሮ ማርታ ደግሞ ተቀጥረው ይሠሩበታል፤ ጻፍ አለኝ። ደሜ ፈላ። ባይሳካ መጋዘን ሊሆን፣ ቢሳካ የቀበሌ ሊሆን! ታዲያ ይቺ ሴትዮ ምን አድርጋ ትኑር? ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ወይዘሮ ማርታን አየኋቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን ግንድ እያሰሩ ነበር፤ ቋጠሮውን ጨርሰው ቀና አሉ።

«እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ። «ግን አንድ ነገር አብሮ ይጻፍልኝ። ከነገ ጀምሮ ይሄ ቢበሰብስ፣ ቢቃጠል፣ ነፋስ ቢወስደው ተጠያቂው ማን ነው? እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው። አንድ ሰው በስሙ ይጻፍ።»

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የመንግሥት ሥራ ከከሸፈ ከበላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ማን ነው ተጠያቂው ነው፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው መባሉ አይቀርም። እኔም ገባኝ። ቃለ ጉባኤውን ገለጥኩ፣ በተቻለኝ ትሕትና «የማንን ስም ልጻፍ?» አልኩ። ቲማቲም የገመጠው ሰውዬ እሱ ስለ አትክልት ምንም እንደማያውቅ ተናገረ። ሁለተኛው ለዘመቻ ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው ጉዳዩ የእሱን ክፍል አይመለከትም። አራተኛው ላስቲኩን ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። ሁሉንም በየተራ ጠየቅሁ፣ አልቸኮልኩም። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። በመጨረሻ ብዕሬን ወደ ሊቀመንበሩ አዞርኩ። ያኔ ከሐይቁ በኩል ነፋስ መጣና ቤቱ ከነምሰሶው ተንቋቋ። ሊቀመንበሩ ቀርከሃውን አየ፣ ላስቲኩን አየ፣ እኔን አየ።

«ተጠያቂው ራሳቸው ወይዘሮ ማርታ ይሁኑ» አለ።

«ተጠያቂዋ እኔ ከሆንኩ ጓሮው በኔ ስም ይሁን» አሉ ወዲያው፤ «ሥራውም ፍሬውም የኔ ነው። እሱም ይጻፍ።»

ጻፍኩ። በደስታ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ ለእሳቸውም አንድ ቅጂ ጨምሬ ጻፍኩ። ሁሉም ፈረሙ። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ፣ ተንፍሶበት፣ እዚያው ጀርባዬ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ መታው። ዝናቡ ሳያባራ ወጥተው ሄዱ።

እኔና እሳቸው ቀረን። አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ፤ ወይዘሮ ማርታ ዱካሞ የዚህ ጓሮ ባለይዞታና የዚህ ሥራ ባለቤት መሆናቸው ተረጋግጧል። እንደገና አሉኝ። እንደገና አነበብኩ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቤቱም ጓሮውም በባሌ ስም ነበር» አሉ። «ጣቢያ ስሠራ ስሜን የሚጽፉት መቅረቴን ለመቁጠር ነው። የኔ ነው ተብሎ ሲጻፍ ይሄ መጀመሪያዬ ነው።»

አለቀሱ። ጓሮው ይወሰዳል ሲባሉ ያላለቀሱት ሴት፣ ችግኛቸው ሲያልቅ ያላለቀሱት ሴት፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ እዚያ ቀይ በቀይ መሃል ቆመው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም። ጥቂት እንደቆየን ፊታቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱ፣ ትልቁን ቅርጫት አንስተው ሰጡኝ።

«በቃ፣ አልቅሰን ጨረስን» አሉ። «ልቀም፣ ነገ ገበያ ነው።»